የበረኞቹም ስም ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎትና ስለ ዘመድ አዝማድ አሠራር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ እውነት ይዟል። አንዱ ሲቀጠር ወንድሙን፣ ወንድሙ ደግሞ አማቹን እየጎተተ የሚያስገባበትን ነገር እኔም እዚሁ ሐዋሳ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ስለዚህ በዚያ አልከራከረውም። ግን መሃል ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጎ አልፏል። በሽታው የጀመረው ከጥንት እስራኤል ነው፣ የሌዊ ልጅ ሌዋዊ፣ የአሮን ልጅ ካህን እየተባለ ነው እዚህ የደረሰው፣ መጽሐፈ ዜና መዋዕልም ማንም በማያነበው የስም ዝርዝር የተሞላው ለዚሁ ነው ይላል።

እዚህ ጋ ስደርስ ጋዜጣውን አስቀመጥኩት። ማንም የማያነበው? እኔ አንብቤዋለሁ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ለአባቴ ጮክ ብዬ ሳነብለት ነው ያደግኩት።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነበር። የትኛው ደብር እንደሆነ አልጽፍም፣ ደብዳቤዬ ክስ እንዲሆን አልፈልግም። ወደ ሐዋሳ የመጣው ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች ነው። ማታ ማታ ካፖርቱን ደርቦ፣ ባትሪውንና ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሌሊት ካህናቱ ለሰዓታት ሲመጡ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ኪዳን ለማድረስ ለሚመጣው ምእመን የሚከፍተውም እሱ ነው። ማንበብ አልተማረም። ጠዋት ቤት ሲመለስ እግሩን ታጥቦ ቁጭ ይልና ቡናው እስኪፈላ ድረስ "ነይ እስቲ እሙዬ፣ የእኛን አንብቢልኝ" ይለኛል። የእኛን የሚለው አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 9 እና ምዕራፍ 26ን ነው። የበረኞቹ ስም ያለበትን።

ሰሎም፣ ዓቁብ፣ ጤልሞን፣ አሒማን። እነዚህን ስሞች የክፍል ጓደኞቼን ስም ከማወቄ በፊት ሳላውቃቸው አልቀርም። ምዕራፍ 9 የሚለው እንዲህ ነው። በረኛ ሆነው የተመረጡት 212 ነበሩ። በየመንደራቸው፣ በየትውልዳቸው ተቆጥረው ተጻፉ። በሥራው ላይ ያቆሟቸው ዳዊትና ባለ ራእዩ ሳሙኤል ናቸው። ወንድሞቻቸው በየሰባት ቀኑ ከመንደራቸው እየመጡ አብረዋቸው ያገለግላሉ። አራቱ የበረኞች አለቆች ግን ቋሚ ናቸው፤ በእግዚአብሔር ቤት ዙሪያ ያድራሉ፣ ጥበቃው የእነሱ ነው፣ ማለዳ ማለዳ በሩን የሚከፍቱትም እነሱ ናቸው። አባቴ "በየሰባት ቀኑ" የሚለው ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እጁን ያነሳል። "ሰሞነኞች ናቸው በይኛ!" ይላል። እኛ ጋ ካህናቱና ዲያቆናቱ በሳምንት በሳምንት ተራ እየያዙ ሲያገለግሉ ባለ ተራው ሰሞነኛ እንደሚባል አንባቢ ያውቃል። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስ የሚለው ሥራው ትናንት የመጣ ሥራ እንዳልሆነ ስለሚያሳየው ይመስለኛል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ማቲትያ የሚባል ሰው አለ። የሰሎም የበኩር ልጅ ነው፣ ቆሬያዊ። ሥራው ምንድን ነው? በምጣድ በሚጋገረው ነገር ላይ ተሹሟል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጦር አልመራም፣ ትንቢት አልተናገረም። ምጣድ ነው የጠበቀው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አልፎም ስሙ ከነአባቱ ስም አለ። የመሥዋዕቱ ኅብስት በሚጋገርበት ቤት፣ በቤተ ልሔም፣ ጭስ ዓይኑ የቀላ ዲያቆን ይህን ጥቅስ ቢያውቀው ምን ይሰማው ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጸሐፊው ዘር ቆጠራ ማለት ጥቅም መቁጠር ነው ብሎ ነው የተነሳው። እኛ አገር እንደዚያ ማሰብ አይፈረድም። አያቶቻችን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥሩ ለርስትም ነበር። አንድ ሰው መሬት ሊካፈል ሲፈልግ መጀመሪያ አቅኚው አባት ጋ የሚያደርሰውን የትውልድ መስመር ይቆጥራል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ካልቆጠረ አያገኝም። እስራኤልም ላይ ሌሎቹ ነገዶች ሲቆጥሩ ርስታቸውን ነበር የሚቆጥሩት። ሌዊ ግን የለበትም። ለሌዋውያን እንደ ሌሎቹ የነገድ ርስት አልተሰጣቸውም። በየነገዱ መካከል ተበትነው 48 ከተሞች ከነመሰማሪያቸው ተሰጧቸው፣ የሚበሉት ሕዝቡ ከሚያወጣው አሥራት ነው፣ ከዚያም ላይ እነሱ ራሳቸው ለካህናቱ አሥራት ያወጣሉ። ስለዚህ ሌላው ዘሩን ሲቆጥር መሬት ያገኛል፣ ሌዋዊ ዘሩን ሲቆጥር ሥራ ነው የሚደርሰው።

ሥራው ደግሞ ቀላል አልነበረም። ኦሪት ዘኍልቍን ምዕራፍ 3 እና 4 ያነበበ ያየዋል። ሌዊ ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ጌድሶን፣ ቀዓት፣ ሜራሪ። በበረሃው ጉዞ ጊዜ የማደሪያው ድንኳን ሲነቀል ማን ምን እንደሚሸከም በቤተሰብ ተከፋፍሏል። የጌድሶን ልጆች መጋረጃውንና መሸፈኛውን። የሜራሪ ልጆች ሳንቃውን፣ መወርወሪያውን፣ ምሰሶውን፣ ካስማውን፣ አውታሩን፤ ያውም ዕቃው በስም በስሙ እየተቆጠረ ነው የሚሰጣቸው። የቀዓት ልጆች ታቦቱን፣ ገበታውን፣ መቅረዙን፣ መሠዊያዎቹን። ከዚያ የእስራኤል አለቆች ስድስት ሰረገላና አሥራ ሁለት በሬ ሲሰጡ ሙሴ ለጌድሶን ልጆች ሁለት ሰረገላ ከአራት በሬ ጋር፣ ለሜራሪ ልጆች አራት ሰረገላ ከስምንት በሬ ጋር አከፋፈለ። ለቀዓት ልጆች? ምንም። ቅዱሱን ነገር በትከሻ ነው መሸከም ያለባቸው። ከሦስቱ ሁሉ የከበረው ቤት በሬ እንኳ አልተሰጠውም። ይህን ሳነብ አባቴ ዝም ይላል፣ ከዚያ "ትከሻ ነዋ" ይላል።

ሙሉ የሸክም አገልግሎት ከ30 እስከ 50 ዓመት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ክልል የተቆጠሩት 8,580 ናቸው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ከከባዱ ሥራ ያርፋል፣ ግን አይባረርም። ወንድሞቹን በጥበቃ ይረዳል። ጡረታ ወጥቼ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ይቺን ቁጥር አዘውትሬ አነባታለሁ።

ዘመድ አዝማድን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ጸሐፊው ከሚለው ተቃራኒ ነው ባይ ነኝ። ንጉሡ ዖዝያን ኃይለኛ በሆነ ጊዜ ልቡ ታበየና ዕጣን ላጥን ብሎ ወደ ቤተ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ተከትሎት ገብቶ ተቃወመው። ይህ የአሮን ልጆች ሥራ ነው፣ ያንተ አይደለም፣ ከመቅደሱ ውጣ አሉት። ንጉሥን! በሌላ በኩል ኢዮርብዓም የሌዊን ልጆች ገፍቶ የወደደውን ሁሉ ካህን አደረገ፣ አንድ ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዞ የመጣ ሁሉ ይሾማል ይላል መጽሐፉ። አያችሁ፣ እዚያ ዘመን የትውልድ መስመር ባለሥልጣንና ባለ ገንዘብ ሰተት ብሎ እንዳይገባ የሚከለክል አጥር ነበር። ተራ ሲመደብም በዕጣ ነው። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26 ላይ በረኞቹ ታናሹም ታላቁም እኩል ዕጣ ተጣጣሉ ይላል። የምሥራቁ በር ለሰሌምያ ወጣ፣ የሰሜኑ ለልጁ ለዘካርያስ፣ የደቡቡ ለዖቤድኤዶም። በየቀኑ በምሥራቅ ስድስት፣ በሰሜን አራት፣ በደቡብ አራት ሰው ይቆማል። መዘምራኑም 288 ሆነው በ24 ተራ ሲከፈሉ አስተማሪው ከተማሪው ጋር እኩል ነው ዕጣ የጣለው።

ግን ዘር ብቻውን ሰው ያደርጋል አልልም። መጽሐፉ ራሱ አይልም። የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ትውልዳቸው እንከን የለውም፣ ሥራቸው ግን የሰውን መሥዋዕት በሜንጦ መዝረፍ ነበር። ሁለቱም ባንድ ቀን ሞቱ፣ ታቦቱም ተማረከ። ከዚያ ቤት የቀረው አብያታር ሰሎሞን ሲነግሥ ከክህነቱ ተነስቶ ዓናቶት ወዳለው እርሻው ተላከ። ይህንንም ሳይደብቁ ጽፈውታል።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚገርመኝ የቆሬ ቤት ነው። ታገሱኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቆሬ የሙሴ የአጎት ልጅ ነው፣ ከቀዓት ወገን። እነ ዳታንና አቤሮንን፣ ከማኅበሩም 250 ታላላቅ ሰዎችን ይዞ በሙሴና በአሮን ላይ ተነሳ። ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው፣ እናንተ ለምን ከፍ ከፍ ትላላችሁ አላቸው። ጥያቄው እንደ ጥያቄ መጥፎ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር የጋዜጣችሁ ጸሐፊም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መጨረሻቸውን ሁሉም ያውቃል፣ ምድር አፏን ከፈተች። የዚያ ቤት ስም እዚያ ላይ መጥፋት ነበረበት። ግን ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 26 ላይ፣ በሕዝብ ቆጠራው መሃል፣ አንድ አጭር ቃል አለ። የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም።

ከዚያ ያንን ስም በትውልድ ዝርዝሩ ውስጥ ተከተሉት። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 6 የዘማሪውን የኤማንን ሐረግ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ኤማን የኢዮኤል ልጅ፣ ኢዮኤል የሳሙኤል ልጅ፣ ሳሙኤል የሕልቃና ልጅ፣ እያለ እያለ ወጥቶ ቆሬ ጋ ይደርሳል፣ ከቆሬ ይስዓር፣ ከይስዓር ቀዓት፣ ከቀዓት ሌዊ። አያችሁት? ነቢዩ ሳሙኤል ከዓመፀኛው ከቆሬ ቤት ነው። (መጽሐፈ ሳሙኤል ሕልቃናን ከኤፍሬም አገር ነው የሚለው የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ ሌዋውያን ርስት ስላልነበራቸው በየነገዱ መካከል ይኖሩ ነበር ብለው መምህራን ያስታርቁታል።) ያ ትንሽ ልጅ ሳሙኤል በሌሊት ስሙ ሦስቴ አራቴ ከተጠራ በኋላ ሲነጋ ምን አደረገ? የእግዚአብሔርን ቤት ደጅ ከፈተ። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ቁጥር 15። አባቴ ይቺን በቃሉ ያውቃታል። "ያን ሁሉ ራእይ አይቶ መጀመሪያ የሠራው በር መክፈት ነው" ይላል፣ በጣም ነው የሚወዳት።

ሳሙኤል ሲያረጅ ልጆቹ ኢዮኤልና አብያ በቤርሳቤህ ፈራጅ ሆነው ጉቦ በሉ፣ ፍርድ አጣመሙ። ሕዝቡ ንጉሥ አንግሥልን ያለው አንድም በዚህ ተማርሮ ነው። ስለዚህ አባትየው ደህና፣ ልጅየው ጉቦኛ። ቀጥሎ የልጅ ልጅየው ኤማን መጣ፣ በዳዊት ጊዜ በመዘምራኑ መካከል የሚቆም፣ አሳፍ በቀኙ ኤታን በግራው። አሳፍ ከጌድሶን ወገን፣ ኤታን ከሜራሪ ወገን። በበረሃ መጋረጃና ሳንቃ ይሸከሙ የነበሩት ቤተሰቦች የሚሸከሙት ዕቃ ሲያልቅ መዝሙር ያዙ። ለኤማን ደግሞ 14 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ነበሩት፣ ሁሉም በእግዚአብሔር ቤት ለመዘመር ከአባታቸው እጅ በታች ነበሩ ይላል። ሦስቱን ሴቶች ማንም ሰባኪ ሲያነሳቸው ሰምቼ አላውቅም። እኔ የዘበኛ ሴት ልጅ ነኝና አነሳቸዋለሁ። ስማቸው ባይጻፍም ተቆጥረዋል።

ቆሬ፣ ሳሙኤል፣ ጉቦኛው ኢዮኤል፣ ኤማን። አንድ ቤት ነው ይሄ። ዘር ያድናል የሚልም ዘር ያጠፋል የሚልም እዚህ ሐረግ ላይ ሲደርስ ዝም ማለት አለበት።

የቆሬ ልጆች የበሩንም ሥራ የያዙ ናቸው። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 9 የድንኳኑን መድረክ የሚጠብቁ ይላቸዋል። መድረክ ዛሬ ማይክ የሚያዝበት ከፍ ያለ ቦታ ሆኗል፣ ዱሮ ግን የበሩ ደፍ ማለት ነው፣ ሰው ረግጦት የሚያልፈው። የቆሬ ልጆች መዝሙር የሚባሉት በዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ከአሥር ይበልጣሉ፤ አንዱ 84ኛው ነው፣ በእኛ ዳዊት 83ኛው። እዚያ ላይ ነው በኃጢአተኞች ድንኳን ከመቀመጥ በእግዚአብሔር ቤት መጣልን መረጥሁ የሚለው። በዕብራይስጡ በደጁ ደፍ ላይ መቆምን ነው የሚለው። ይህን ምሁር የሆነ ሰው ቢለው ትሕትና ነው። በረኛ ሲለው ግን የዕለት ሥራው ነው፤ ሌሊት የቆመበትን ድንጋይ ነው የሚዘምረው።

እነዚህ ሰዎች የተመደቡበትን አገልግሎት መጽሐፉ በዕብራይስጥ "ኤሙና" በሚል ቃል ነው የገለጸው። ታማኝነት ማለት ነው፣ አደራ ማለትም ነው። አሜን የምንለው ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፣ የኛም አመነ፣ ታመነ፣ ታማኝ፣ እምነት የሚሉት የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ቤተ መቅደሱን ለማደስ ገንዘብ በተሰበሰበ ጊዜም ብሩን ሣጥኑ ውስጥ የሚጨምሩት ደጁን የሚጠብቁት ካህናት ነበሩ።

ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ በባቢሎን እጅ በወደቀች ጊዜ የጦር አዛዡ ለሞት መርጦ ከወሰዳቸው መካከል ታላቁ ካህን ሠራያ፣ ሁለተኛው ካህን ሶፎንያስና ሦስት በረኞች አሉ። ጠላት እንኳ በረኛውን ከሊቀ ካህናቱ ጋር አንድ ላይ ቆጠረው። ከዚያ ሕዝቡ ከስደት ሲመለስ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ማን ማን እንደተመለሰ ይዘረዝራል። ከሌዋውያን 74። ከመዘምራኑ ከአሳፍ ልጆች 128። ከበረኞቹ 139፤ የሰሎም ልጆች፣ የጤልሞን ልጆች፣ የዓቁብ ልጆች። ስሞቹን ታስታውሷቸዋላችሁ? ያ ሁሉ ዓመት በር ሳይኖራቸው፣ የሚጠብቁት ቤት ተቃጥሎ፣ በባዕድ አገር ሆነው በረኛ መሆናቸውን አልረሱም። ልጅ ለልጅ እያስተላለፈ ማለት ነው፣ "እኛ እኮ በረኞች ነን" እየተባለ። ሐዋሳ ሆኜ፣ የገዛ አያቴ አባት የት እንደተቀበረ የማላውቅ ሴት፣ ይህን ሳነብ እንባዬ ይመጣል።

እዚያው ላይ ግን ስማቸውን በትውልድ መዝገብ ፈልገው ያጡ ካህናትም አሉ። አንደኛው ቤት የቤርዜሊ ነው። አባታቸው የታወቀውን የገለዓዳዊውን የቤርዜሊን ልጅ አገባና በእነሱ ስም ተጠራ። የአማቶቹን ስም ወሰደ፣ የራሱ ጠፋ። ልጆቹ ሲመለሱ መዝገቡ ላይ የሉም። የእግዚአብሔር ፈቃድ በሚጠየቅባቸው በኡሪምና በቱሚም የሚፈርድ ካህን እስኪነሣ ድረስ ከቅዱሱ መብል እንዳይበሉ ተባለ። ትልቅ ስም አላዳናቸውም፣ መዝገብ ነው የተጠየቀው።

እኔ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ዘመድ የሚገባው መዝገብ ያለበት ቦታ አይደለም። መዝገብ የሌለበት ቦታ ነው። ማን መቼ እንደገባ፣ ከማን እንደተረከበ፣ ምን እንደሚሠራ ካልተጻፈ ነገ የአለቃው የእህት ልጅ መጥቶ እኔ ነኝ የቆየሁት ቢል ምን ይመለስለታል?

የራሴን ልናገር። አባቴ ያረፈው ከስድስት ዓመት በፊት ክረምት ላይ ነው። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሊነበብ እኔ እንድጽፍ ተሰጠኝ። የተወለደበትን በግምት ጻፍኩ። አገልግሎት የጀመረበት ዓመት ጋ ስደርስ ቆምኩ። እናቴ ቀድማ አርፋለች፣ ወንድሜ አያውቅም። ወደ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ፋይሉ ተፈለገ። የተገኘው ደመወዝ የፈረመበት ወረቀት ነው፣ እሱም ከብዙ ዓመት በኋላ የቅጥር ደብዳቤ ከተጻፈለት ወዲህ ያለው ብቻ። ከዚያ በፊት በነፃ ያገለገለው፣ እህል ብቻ እየተሰጠው ያገለገለው፣ የለም። የሚያውቁ አባቶችም አርፈዋል። ቀብሩ ሊደርስ ስለሆነ "ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል" ብዬ ጻፍኩ፣ ተነበበ፣ ሰው አለቀሰ፣ ተቀበረ።

ለረጅም ዓመታት። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። 212 ብሎ በረኛ የሚቆጥር መጽሐፍ ሲነበብለት ለኖረ ሰው "ለረጅም ዓመታት"።

ደመወዙም የሚዘገይባቸው ወራት ነበሩ። አንድ ክረምት ሦስት ወር ሳይከፈለው ቆይቶ፣ ቀን ቀን አሞራ ገደል እየወረደ የዓሣ ሣጥን ይሸከም ነበር፣ ማታ ተመልሶ በሩን ይጠብቃል። እኔ ተናድጄ ተወው ስለው ነህምያ ምዕራፍ 13ን አንብቢልኝ አለኝ። ለሌዋውያኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዱ ወደ እርሻው ሸሸ ይላል። ነህምያ ሌዋውያኑን ለምን ሄዳችሁ አላላቸውም። ሹማምንቱን ነው የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ ብሎ የገሠጸው። ከዚያ ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው፣ አሥራቱም ገባ። አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ "አየሽ፣ ነህምያ የሚባል ሰው ያስፈልጋል" ብሎ ካፖርቱን ለበሰና ሄደ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። እያንዳንዱ ደብር አንድ መዝገብ ይክፈት። ትልቅ ነገር አይደለም፣ ሁለት ደስታ ወረቀት የሚፈጅም አይደለም። የዘበኛው፣ የደወል ደዋዩ፣ የዕቃ ቤቱ ሰው፣ በቤተ ልሔም የሚያገለግለው፣ የመገበሪያ ስንዴ የሚለቅሙት እናት፣ ግቢ የምትጠርገው ሴት ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ይጻፍ። የጀመሩበት ቀን ይጻፍ። ሥራውን ከማን እንደተረከቡ ይጻፍ። አባቱ ዘበኛ የነበረ ልጅ ዘበኛ ቢሆን ይጻፍ፣ አባቱ ሌላ የሆነም ይጻፍ፣ የሚደበቅ ነገር የለም። ወንጌላውያን ጎረቤቶቼም ቢሆኑ ወንበር የሚደረድሩትንና አዳራሽ የሚያጥቡትን ይጻፉ፣ ነገሩ ለእነሱም አይቀርም። እና ደመወዛቸው በጊዜው ይከፈል።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። ማንም ሳይፈቅድልኝ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ እቀመጣለሁ። አንዳንዱ ይፈራል፣ የእርዳታ ምዝገባ ይመስለዋል። ባለፈው እሑድ መገበሪያ የሚለቅሙትን እናት ስማቸውን ስጠይቃቸው "የኔ ልጅ፣ የኔ ስም ለምን ይሆንሻል?" አሉኝ። ስለ ማቲትያና ስለ ምጣዱ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የራሳቸውን ስም ከመስጠታቸው በፊት ሥራውን ያስተማሯቸውን፣ አሁን በሕይወት የሌሉትን መነኩሲት ስም ነገሩኝና "መጀመሪያ እሳቸውን ጻፊ" አሉ። ጻፍኩ።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የአባቴ ነው። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ ሥራው በረኛ። የጀመረበት ዓመት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። በዚያን ጊዜ ሐዋሳ ኖራችሁ፣ ለሰዓታትም ሆነ ለኪዳን ስትመጡ ካፖርት የለበሰ፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ረጅም ዘበኛ በሩን የከፈተላችሁ ካላችሁ፣ ዓመቱን ብታስታውሱ በጋዜጣው በኩል እባካችሁ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘበኛው ልጅ፣ ጡረተኛ መምህርት
ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አካባቢ